ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?

ሰው መንገድ ሲያስብ አስቀድሞ «ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ግን እንደ መላሹ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ አንድ አረጋዊ ገበሬ «ከዚህ እስከ መርካቶ ምን ያህል ነው?» ተብለው ቢጠየቁ፣ «ቅርብ ነው። አህያዬን ጭኜ በማለዳ ብነሣ ፀሐይ ሳይበረታ እደርሳለሁ» ይሉ ይሆናል። የታክሲ ረዳት ቢጠየቅ «መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓት አይሞላም» ይላል። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ቢጠየቅ ደግሞ በኪሎ ሜትር ቆጥሮ ይናገራል። ሦስቱም አልዋሹም። መለኪያቸው ነው የተለያየው። አረጋዊው በአህያ እርምጃ ለኩ። ረዳቱ በሰዓት ለካ። መሐንዲሱ በመሬቱ ርዝመት ለካ።

ታዲያ ይህን መለየት ምን ይጠቅማል? አንድ ነገር እናስብ። አንድ የቀራኒዮ ገበሬ ወንድሙ ባሕር ዳር ይኖራል። አንድ ቀን ስልክ ተደወለለት። «ወንድምህ በጠና ታሟል፤ ሆስፒታል ገብቷል፤ ቶሎ ድረስ» ተባለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «በአይሮፕላን እኮ አንድ ሰዓት ነው። ያሉህን በጎች ሽጥና ብረር!» አለው። ሌላው «በአውቶቡስም ይደረሳል። በጎችህን አትጨርስ፤ ለሕክምናውም ገንዘብ ያስፈልጋል» አለው። ማንን ይስማ? የአይሮፕላን ቲኬት ከአውቶቡስ ቲኬት ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ነገር አይደለም። በአንድ በኩል የወንድም ነፍስ፣ በሌላ በኩል የቤት ጥሪት አለ። ማንበብና መቁጠር የሚያውቅ ሰው ግን የሰው አፍ ብቻ አይጠብቅም። ራሱ አስልቶ ይወስናል። እንዴት እንደሚሰላ እንይ።

1. ሁለት ዓይነት ርቀት

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ 565 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላኑ የሚሄድበት ርቀት ግን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከተሞቹ ያው ናቸው። አልተንቀሳቀሱም። ታዲያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ልዩነት ከየት መጣ?

ካርታ ያለው ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያየው ይችላል። አንድ ክር ውሰዱ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ባሕር ዳር ላይ አድርጋችሁ ወጥሩት። ይህ የአይሮፕላን መንገድ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ክር ወስዳችሁ የመኪናውን መንገድ እየተከተላችሁ አስተኙት። ከአዲስ አበባ በሱሉልታ አድርጎ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከዚያ አባይን ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከደጀን ወደ ምዕራብ ዞሮ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን ይነካል። ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፎ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሁለተኛው ክር ከመጀመሪያው በጣም ይረዝማል። በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚሄደው ሌላው መንገድ ያጥራል። ቢሆንም እሱም ከተወጠረው ክር ይበልጣል።

መንገድ የሚዞረው መሐንዲሱ ዙሪያ ስለሚወድ አይደለም። ተራራ ይከለክለዋል፤ ገደል ይከለክለዋል። ደግሞም መንገድ ሰው ካለበት ማለፍ አለበት። ቀጥ ብሎ ቢሄድ ብዙ ከተማና ገበያ ወደ ጎን ይቀራል።

2. የአባይ በረሃ ምን ያስተምረናል?

ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያሳየው የአባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው ማዶው ቅርብ ይመስለዋል። በቀጥታ ቢለካ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መንገዱ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ይሻገራል። ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከባድ መኪና በዚህ ቦታ እንደ እግረኛ ይጎተታል።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። አባይ በክረምት ሲሞላ ነጋዴ መሻገር አይችልም ነበር። ውኃው እስኪጎድል ድረስ ወራት ይጠብቃል። ያን ጊዜ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ያው ነው። በጊዜ ግን በበጋ የቀን መንገድ፣ በክረምት የወራት መንገድ ነበር። ዛሬ መኪኖች የሚሻገሩበት ትልቁ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ድልድይ የወራትን መንገድ የሰዓታት መንገድ አደረገው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን እንያዝ። ርቀትና ጊዜ አንድ አይደሉም። ርቀት ሳይለወጥ ጊዜ ይለወጣል።

3. አይሮፕላን ስንት ሰዓት ይበራል?

አይሮፕላን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የዚያን ጊዜ ማረፊያው ቦሌ አልነበረም። ከኮልፌ ብዙ በማይርቀው በልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬም ሰፈሩ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል፤ አሮጌው የአይሮፕላን ማረፊያ ማለት ነው። ያ ሜዳ ለጄት አይሮፕላን መንደርደሪያ የሚበቃ ስላልነበረ በ1950ዎቹ ዓመታት ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ።

የዚያ ዘመን አይሮፕላን ዳኮታ ይባል ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር ከሚበሩት አንዱ ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነው። እሱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል።

አሁን እናስላ። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ነው። 330ን ለ650 ብናካፍል ግማሽ ሰዓት ያህል ይሆናል። የአየር መንገዱ የጉዞ ሰሌዳ ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚለው። ስሌታችን ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ግን አንድ ነገር ረስቷል። አይሮፕላን ገና ከመነሣቱ 650 አይበርም። መጀመሪያ በመሬት ላይ ቀስ ብሎ እየሄደ ወደ መንደርደሪያው ይደርሳል። ተራውን ይጠብቃል። ተንደርድሮ ይነሣል። ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ገና ነው። ሊያርፍ ሲል ደግሞ ይቀንሳል፤ ይዞራል፤ ይወርዳል። ካረፈም በኋላ ሰው እስኪያወርድ በመሬት ይጓዛል። ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው በመካከሉ ብቻ ነው። አውቶቡስም እንዲሁ ነው። ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ከከተማ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ የሄደበት ሰው ያውቀዋል።

4. ከደጅ እስከ ደጅ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «በአይሮፕላን አንድ ሰዓት» ሲባል ከቦሌ ሜዳ እስከ ባሕር ዳር ሜዳ ማለት ነው። የኛ ገበሬ ግን ቦሌ ሜዳ ላይ አይኖርም። ወንድሙም የተኛው ባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ከደጁ እስከ ወንድሙ አልጋ ድረስ መቁጠር አለበት።

በአይሮፕላን ቢሄድ፦
— ከቀራኒዮ እስከ ቦሌ፣ ከተማውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ፦ 1 ሰዓት
— ቀድሞ ደርሶ መፈተሽና መጠበቅ፦ 2 ሰዓት
— በረራው፦ 1 ሰዓት
— ከማረፊያው ወጥቶ ሆስፒታል እስኪደርስ፦ 1 ሰዓት
ድምር 5 ሰዓት።

በአውቶቡስ ቢሄድ፦
— ከቀራኒዮ እስከ አውቶቡስ ተራ፦ ግማሽ ሰዓት
— ተሳፍሮ መነሻን መጠበቅ፦ ግማሽ ሰዓት
— መንገዱ፣ ደህና ከሆነ፦ 10 ሰዓት ያህል
— ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል፦ ግማሽ ሰዓት
ድምር 11 ሰዓት ተኩል።

አያችሁ? አይሮፕላኑ «አንድ ሰዓት» አይደለም፤ አምስት ሰዓት ነው። ቢሆንም ከአውቶቡሱ በ6 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። እንግዲህ «ይብረር» የሚለው ጎረቤት አሸነፈ ማለት ነው? ገና ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቷል። መቼ ነው የሚነሣው?

መልእክቱ ጠዋት በ3 ሰዓት ደረሰው እንበል። ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት የሚነሣ አይሮፕላን አለ፤ ቦታም ተገኘ። በ9 ሰዓት ያርፋል። በ10 ሰዓት ወንድሙ ዘንድ ነው። የዕለቱ አውቶቡስ ግን ሌሊት በ11 ሰዓት ሄዷል። የሚቀጥለው ነገ ሌሊት ነው። በእሱ ቢሄድ ወንድሙን የሚያየው ነገ ከቀትር በኋላ ነው። እዚህ ላይ አይሮፕላኑ አንድ ቀን ሙሉ ያህል ያተርፍለታል። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከሆነ በግ ቢሸጥበት ያስቆጫል?

አሁን ደግሞ መልእክቱ ማታ በ1 ሰዓት ደረሰው እንበል። የዛሬው አይሮፕላን ሄዷል። ቦታ የሚገኘው ነገ በ8 ሰዓት በሚነሣው ነው። በዚያ ቢሄድ ነገ በ10 ሰዓት ሆስፒታል ይደርሳል። አውቶቡስ ግን በዚያው ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሣል። 10 ሰዓት ተጉዞ ነገ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ባሕር ዳር ይገባል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ነው። አውቶቡሱ አይሮፕላኑን ቀደመው! በጎቹም ተረፉ፤ ገንዘቡም ለመድኃኒት ሆነ።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ይበራል?» አይደለም። «ከአሁን ጀምሮ ብቆጥር መቼ እደርሳለሁ?» የሚለው ነው።

ሌላም አለ። የመንገድን ደህንነት ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት በተነሣ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ሳይቀር ለቀናት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ የኪሎ ሜትር ስሌት ዋጋ የለውም። አስቀድሞ ስልክ መደወል፣ በቅርቡ የመጣ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

5. ለንደንና ፓሪስ

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ለንደንና ፓሪስ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ከተሞች አሉ። ለንደን የእንግሊዝ፣ ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ነው። በመካከላቸው ባሕር አለ። ቀጥታ ርቀታቸው 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካለው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው። በረራውም አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ከባሕሩ ወለል በታች የተቆፈረ የባቡር መንገድ መረቁ። ባቡሩ ከለንደን ፓሪስ የሚደርሰው ከ2 ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ከአይሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ይዘገያል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በባቡሩ ይሄዳል። ለምን? ባቡሩ ከከተማ መካከል ተነሥቶ ከተማ መካከል ይገባል። አይሮፕላን ማረፊያዎቹ ግን ከከተማ ይርቃሉ። ከደጅ እስከ ደጅ ሲቆጠር ባቡሩ ወደ ኋላ አይቀርም። የሠለጠነው ዓለም ሰውም እንደ ቀራኒዮው ገበሬ ይህንኑ ነው የሚያሰላው።

ከፓሪስ ወደ ለንደን ሲበረር ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቲኬቱ «መነሻ 10:00፣ መድረሻ 10:15» ሊል ይችላል። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ! እውነት ግን አይደለም። የፓሪስ ሰዓት ከለንደን ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ፀሐይ በምሥራቅ ስለምትወጣ በስተምሥራቅ ያለ አገር ቀድሞ ይነጋለታል። ስለዚህ በአብዛኛው ሰዓቱም ይቀድማል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ መነሻው በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው።

ልጆቻቸው ዱባይ ለሥራ የሚሄዱ ወላጆችም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። የዱባይ ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በረራው 4 ሰዓት ያህል ሆኖ ሳለ ቲኬቱ ላይ 5 ሰዓት ይመስላል። የጂዳ ሰዓት ግን ከኛ ጋር እኩል ነው።

6. የቲኬቱን ሰዓት እንዴት እናንብብ?

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ቲኬት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል። ይህን ያላወቀ ሰው ቲኬቱ ላይ «7:00» የሚል አይቶ «ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ነው» ብሎ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። አይሮፕላኑ ግን ጠዋት በ1 ሰዓት በሯል። ስንት ቀን የተለፋበት ገንዘብ እንዲህ ይጠፋል።

መላው ቀላል ነው።

— ቲኬቱ ከ7:00 እስከ 18:00 ካለ 6 ቀንሱ። 7:00 ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 14:00 ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ነው።
— ከ19:00 እስከ 24:00 ካለ 18 ቀንሱ። 20:00 ማታ 2 ሰዓት ነው።
— ከ0:00 እስከ 6:00 ካለ 6 ጨምሩ። 1:00 ሌሊት 7 ሰዓት ነው። 5:00 ሌሊት 11 ሰዓት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የቀኑ ነገር ነው። ለኛ ማክሰኞ ሌሊት የሚባለው እስኪነጋ ማክሰኞ ነው። ለቲኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ረቡዕ ሆኗል። ስለዚህ ቲኬቱ «ረቡዕ 1:00» ካለ እኛ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለው ነው። ረቡዕ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ወደ ውጭ አገር የሚደረጉ ብዙ በረራዎች በሌሊት ስለሆኑ ይህ ተጠንቅቆ የሚያዝ ነገር ነው። ወሩና ዓመቱም የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቲኬት ስትገዙ ሻጩ ቀኑንና ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር በጎን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ ራሳችሁ አንብባችሁ አመሳክሩ።

ማጠቃለያ

ድሮ መንገድን የሚያውቅ የሄደበት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ፊደልና ቁጥር የለየ ሰው ሳይሄድም ሊያሰላ ይችላል። መንገድ ስታስቡ አራት ነገር ጠይቁ። በየትኛው መንገድ ነው? ከደጅ እስከ ደጅ ስንት ነው? መቼ ይነሣል? ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው? እነዚህን የጠየቀ ሰው በችኮላ ጥሪቱን አያባክንም። ሲያስፈልግም ያለውን ሸጦ ለወገኑ በጊዜ ይደርሳል።

የቃላት ፍቺ

ርቀት፦ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ርዝመት።
ኪሎ ሜትር፦ 1,000 ሜትር።
ፍጥነት፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚኬድ ርቀት።
መንደርደሪያ፦ አይሮፕላን ለመነሣት የሚሮጥበት ጥርጊያ።

ጥያቄዎች

1. የመኪናው መንገድ ከአይሮፕላኑ መንገድ የረዘመው ለምንድን ነው?
2. አውቶቡስ 565 ኪሎ ሜትሩን በ10 ሰዓት ቢጨርስ፣ በአንድ ሰዓት በአማካይ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?
3. ቲኬቱ «ዓርብ 2:30» ይላል። በኛ አቆጣጠር የትኛው ሌሊት፣ ስንት ሰዓት ነው?
4. ከቤታችሁ እስከ ዘመድ ቤት ያለውን ጉዞ ከደጅ እስከ ደጅ በደብተራችሁ አስሉ። ከዚያ ከጎረቤታችሁ ስሌት ጋር አስተያዩ።